ምልክት የሌለው በር፦ የሠዓሊያንን ስቱዲዮ ለመጎብኘት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ሠዓሊያን ስቱዲዮ ነው፤ የት እንደሚገኙ፣ በምን እንደሚደረስባቸው፣ በሩ ከተከፈተ በኋላም የእንግዳው ወግ ምን መሆን እንዳለበት።

አዲስ አበባ ላይ የጥርስ ሐኪም ፈልጎ የሚቸገር የለም። ክንድ የሚያህል ጥርስ ተሥሎ በሩ ላይ ይሰቀላል። ፀጉር ቤቱ ፀጉሩን የተስተካከለ ጎረምሳ፣ ሥጋ ቤቱ የደለበ ሰንጋ፣ ጎሚስታው ያረጀ ጎማ ደጃፉ ላይ አለው። መተዳደሪያው ሥዕል የሆነው ሰው በር ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አንድም ሥዕል የለም። ቀለሙ የለቀቀ የቆርቆሮ በር፣ ከውስጥ የሚጮኽ ውሻ፣ በቃ።

ምክንያት አለው። አብዛኛው ሠዓሊ የሚሠራው በሚኖርበት ወይም በተከራየው ግቢ ውስጥ ነው። አንዱ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ አንዷ በወላጆቿ ሳሎን፣ ሌላው በኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል፣ ሌሎች ሦስት አራት ሆነው ኪራይ እየተጋሩ በአሮጌ ቪላ ውስጥ ይሠራሉ። አከራይ ግቢው ላይ ማስታወቂያ እንዲሰቀል ላይወድ ይችላል። ሠዓሊውም ቢሆን ቀለሙን በጥብጦ ከጨረሰ በኋላ በሩ በየሰዓቱ እንዲንኳኳበት አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ስቱዲዮ «ለጎብኚ ክፍት ነው» ሲባል፣ አስቀድሞ ለደወለ ሰው ይከፈታል ማለት ነው። ሳይደውል የሄደ ሰው የሚያገኘው ዘበኛውን ነው፤ ዘበኛ ካለ።

ስልኩ ሲነሣ የሚሰማው አቅጣጫ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሁለተኛውን ኮብልስቶን ይዞ ወረድ፣ ትራንስፎርመሩን አለፍ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት አረንጓዴ በር። የቤት ቁጥር ለመታወቂያ ማውጫ እንጂ ለእንግዳ የሚረዳበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዛሬ ሎኬሽን በቴሌግራም መላክ ስላለ ነገሩ ቀልሏል፣ ያም ሆኖ በወንዝ በተከፋፈለ ከተማ ውስጥ ካርታው የሚያሳየው ነጥብ ከወንዙ ማዶ ሊሆን ይችላል። የሚያዋጣው ሁለቱንም መያዝ ነው፤ ሎኬሽኑንም፣ የሰፈሩ ሰው የሚያውቀውን ምልክትም። ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን ታክሲዎች የሚጠራ ሰው ሾፌሩ ሲደውልለት የሚነግረው ያንኑ ምልክት ነውና። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞ የሚሄድ ደግሞ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ቢነግረው ይሻላል። እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስንል እንግዳው የሚሰማው ሌሊቱን ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ስቱዲዮ አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳይ ሌጋሲዮን፣ ከፈረንሳይ ኤምባሲ ፊት ለፊት በሚገኘው መናፈሻ ውስጥ ወጣት ሠዓሊያን ተሰባስበው ነፃ አርት ቪሌጅ የሚባል መንደር መሥርተው ነበር። ዛፍ ሥር ቅርጻ ቅርጽ ቆሞ፣ ሠዓሊው እየሠራ፣ ሰው እየገባ የሚያይበት ቦታ ነበር። ዛሬ በድሮ የጉብኝት መጽሐፍ እየተመራ ወደዚያ የሚሄድ ሰው መንደሩን አያገኘውም። ኪራይ ሲንር ሠዓሊ ወደ ከተማው ዳር ይገፋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በሌሎችም ሰፈሮች የኮሪደር ልማቱ ብዙ አሮጌ ግቢዎችን ሲያነሣ፣ ለስቱዲዮ የሚመቹት ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የድሮ ቤቶችም ቁጥራቸው አንሷል። ብልሃቱ ሰውየውን መፈለግ ነው። ቤቱ ይቀየራል፣ ስልኩና የፌስቡክ ገጹ አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም።

ሰውየው ደግሞ የት ይገኛል? በዐውደ ርእይ መክፈቻ ምሽት። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ የግል ጋለሪዎች፤ በእነዚህ ቦታዎች ዐውደ ርእይ ሲከፈት ሠዓሊው ሥራዎቹ አጠገብ ይቆማል፣ ሰው መጥቶ ቢያናግረው ደስ ይለዋል። «ስቱዲዮዎን ማየት ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ላይ ሲቀርብ እምቢ የሚል ሠዓሊ ጥቂት ነው። ያን ምሽት የተገኘ አንድ ስልክ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ግማሽ ቀን ከማሰስ ይበልጣል።

የመጀመሪያ ጉዞውን የሚያቅድ ሰው ከየት ይጀምር ቢባል ከአራት ኪሎና ከስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ታክሲ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ይሆናል። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን ብቻ የያዘ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ሆኖም ደረጃውን ወጣ ያለ ሰው የአፈወርቅ ተክሌን ግዙፍ ሥዕል ጨምሮ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሥዕል ያገኛል። እዚያው አምስት ኪሎ አካባቢ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ በስደት አሜሪካ ውስጥ በ1973 ዓ.ም. ያረፈ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። ሥራዎቹ ውቅያኖስ ተሻግረው ተበትነው ከቆዩ በኋላ ከፊሎቹ በጀርመኖች ርዳታ ወደ አገር ገብተው ሙዚየሙ በ2000 ዓ.ም. ተከፈተ። ስቱዲዮ ከማየት በፊት እነዚህን ሁለት ቤቶች ማየት ይጠቅማል። ዛሬ የሚሠራው ወጣት ከማን ጋር እየተነጋገረ፣ ከማን ጋር እየተከራከረ እንደሚሠራ እዚያ ይታያል።

በዚያው አካባቢ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይገኛል። መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ተመልሰው ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. አቋቋሙ። ራሳቸው በ2008 ዓ.ም. ያረፉ ሲሆን ስማቸው በትምህርት ቤቱ ላይ ቀርቷል። ገብረ ክርስቶስም እስክንድር ቦጎሲያንም አስተምረውበታል። ገበያ ላይ ቆመው የሚነግዱ ሴቶችን እንደ ዓምድ አግዝፈው በመሣል የታወቁት ታደሰ መስፍንም ለብዙ ዓመታት እዚያው አስተማሪ ነበሩ። ግቢው የትምህርት ግቢ ስለሆነ በር ላይ ጥበቃ አለ፣ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ምክንያትም መናገር ያስፈልጋል። ነገር ግን በትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ላይ ተመራቂዎች የመጨረሻ ሥራቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ ሁኔታው ይለወጣል። ክፍሎቹ ሁሉ ወደ መታያነት ይቀየራሉ፣ ተማሪው ከሥራው ጎን ቆሞ ያስረዳል፣ ቤተሰቡም የክት ልብሱን ለብሶ ይመጣል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የብዙ ጀማሪ ሠዓሊያንን ሥራ ማየት የሚቻልበት ከዚህ የተሻለ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም። ስልክ ለመለዋወጥም እንዲሁ። ዛሬ የተመረቀው ልጅ የዛሬ አሥር ዓመት በቀላሉ የሚገኝ ሰው ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ መካኒሳ እንሂድ። ከአያት ወይም ከቃሊቲ የሚነሣ ሰው በቀላል ባቡሩ ሜክሲኮ ድረስ መምጣት ይችላል፤ ሁለቱም መስመሮች በሜክሲኮ ያልፋሉ። ባቡሩ ሳይዘገይ ከመጣ፣ ያው። ከሜክሲኮ የመካኒሳ ታክሲ መያዝ ነው፣ ከዚያ ዞማ ሙዚየምን መጠየቅ ነው። ዞማን የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ናቸው። ስሙ በወጣትነቱ ላረፈው ሠዓሊ ለዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአነስተኛ ማዕከልነት የቆየው ሐሳብ በ2011 ዓ.ም. በመካኒሳ ሙሉ ግቢ ሆኖ ተከፈተ።

ግቢው ራሱ የሥዕል ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቤቶቹ የተሠሩት በጭቃ፣ በጭድና በእንጨት ነው። አያቶቻችን ቤት ሲሠሩ ጭቃውን ከጭድ ጋር አላቁጠው፣ አስቦክተው፣ ደጋግመው እየረገጡ ያዘጋጁ እንደነበረው ሁሉ እዚህም እንደዚያው ተደርጓል። ልዩነቱ የግድግዳው ፊት ነው። ጭቃው ሳይደርቅ በጣት፣ በመዳፍና በመሣሪያ የተሣለበት ሐረግና ክብ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ጥላው ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል፣ ከሰዓት በኋላ በሌላ በኩል ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ዞማን ለማየት የሚሄድ ሰው ቀትርን ቢያስወግድ ይመከራል። ግቢው ውስጥ የአትክልት ቦታ አለ፣ ላሞች አሉ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ። ልጆቹ ከሥዕል መታያው ጎን ይጫወታሉ። መግቢያው ይከፈልበታል፣ ቡናም ይጠጣበታል።

ኤልያስ ስሜ የሚሠራበትን ዕቃ ማወቅ ጉብኝቱን ያጣፍጠዋል። ከመርካቶ የሚገዛ የተጣለ የኮምፒውተር ሰርኪዩት፣ የስልክ ሽቦ፣ የኪቦርድ ቁልፍ። ሽቦው እየተጎነጎነ፣ እየተጠላለፈ፣ ሰርኪዩቱ እየተደረደረ ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ የታየ የእርሻ ማሳ የሚመስል ትልቅ ሥራ ይወጣዋል። በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሽልማት ከሰጣቸው ሠዓሊያን አንዱ ነበር። የመርካቶን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራን፣ የሚያውቅ አድማጭ ሥራውን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፣ የፈረንጅ ሃያሲ ግን ገጽ ሙሉ ይጽፍበታል።

ከሜክሲኮ በሌላ ታክሲ፣ በሳር ቤት በኩል፣ ኦልድ ኤርፖርት የሚባለው ሰፈር ይደረሳል። እዚያ የአፈወርቅ ተክሌ ቪላ አልፋ አለ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወልደው ለንደን የተማሩ ሲሆን በ2004 ዓ.ም. አርፈዋል። ቪላ አልፋን የነደፉት ራሳቸው ናቸው፤ የጎንደርን ግንብ የሚያስታውስ፣ ሃያ ሁለት ክፍል ያለው፣ መኖሪያም ስቱዲዮም ማሳያም የሆነ ቤት። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ጎብኚ ቀጠሮ ይዞ ይገባ ነበር። አርቲስቱ የሌለበት ስቱዲዮ ዕጣው አስቸጋሪ ነው። የውርስ፣ የጥበቃ፣ የጥገና ጥያቄ ይነሣል፣ በሩም ይከፈታል ይዘጋል። ስለሆነም ዛሬ ወደ ቪላ አልፋ ለመሄድ ያሰበ ሰው ግቢው ጎብኚ የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ ሳያጣራ ባይነሣ ይሻላል።

በሩ ቢዘጋ እንኳ የአፈወርቅን እጅ ለማየት ሌላ መንገድ አለ። ካዛንቺስ አቅራቢያ ባለው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው ባለቀለም መስታወት የእሳቸው ነው። ሦስት ክፍል አለው፣ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፣ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያል። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ሙሉ እድሳት ተደርጎለት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንደገና ተከፍቷል። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ በመሆኑ ፍተሻው ጥብቅ ነው፣ ሰተት ብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም።

ከከተማው መውጣት የሚፈልግ ደግሞ ቢሾፍቱ አለችለት። መኪናው የሚያዘው ከቃሊቲ መናኸሪያ ነው፤ ርቀቱ ከመሀል አዲስ አበባ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው። የፍየል ሌጦ ላይ በመሣል ስማቸውን ያስጠሩት ለማ ጉያ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የሠሩት፣ ያስተማሩትና ጎብኚ የተቀበሉት እዚያው ነው። በወጣትነታቸው የአየር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፣ ቢሾፍቱም የአየር ኃይሉ ከተማ ናት። ሌጦ ላይ የተሣለ የሰው ፊት ከሸራ ይለያል። የቆዳው የራሱ ቀለም ጠይም ቆዳ ሆኖ ያገለግላል፣ ሠዓሊው የሚጨምረው ጥላውንና ብርሃኑን ነው። በፎቶግራፍ ይህ አይታይም፤ ቢሾፍቱ ድረስ የሚያስኬደውም ይኸው ነው።

እስቲ አሁን በሩ ተከፈተ እንበል።

እንግዳው ከማንኛውም ነገር በፊት የሚያየው መስኮቱን ቢሆን ጥሩ ነው። የአውሮፓ ሠዓሊያን ከጥንት ጀምሮ መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ይመርጣሉ፤ በእነሱ አገር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለማታልፍ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። የአውሮፓውያኑን ልማድ አምኖ የሰሜን መስኮት ያስከፈተ ሠዓሊ በእነዚያ ወራት ፀሐይ ሸራው ላይ ትወድቅበታለች። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ነጭ አቡጀዴ መስኮቱ ላይ መጋረድ። ስቱዲዮ ገብቶ ያን መጋረጃ ያየ ሰው የቤት ማሳመሪያ እንዳልሆነ ይወቅ፣ ገለጥ አድርጎ ውጭውን ለማየትም አይቸኩል። ሠዓሊው ቀለሙን የቀላቀለው በዚያ ብርሃን ነው።

ቀጥሎ ቀለሙ። አክሪሊክ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓት ይደርቃል። የዘይት ቀለም ግን የሚደርቀው ውኃው ተንኖ ሳይሆን ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ከላይ የደረቀ መስሎ ውስጡ ለወራት እርጥብ ሊሆን ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ቅዝቃዜና እርጥበት ደግሞ ይብሳል። አንድ የልጅ ጣት የወር ሥራ ያበላሻል። ልጆች ይዞ መሄድ የሚከለከል ነገር አይደለም፣ እንዲያውም መልካም ነው፣ ነገር ግን እጃቸው ተይዞ ይሁን። ነጭ የአገር ባህል ልብስ ለብሶ ስቱዲዮ መሄድም ኋላ ያስቆጫል። ክረምት ላይ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ሰፈር ለሚሄድ ጭቃውን የሚችል ጫማ፣ በር ላይ ደግሞ ጫማን ጠርጎ መግባት። ተርፔንታይን የሚሸት ክፍል ውስጥ ሲጋራ አይለኮስም፤ ሽታው ራሱ የሚቀጣጠል ነገር መኖሩን ይናገራል።

አነጋገርም አለ። አንጋፋውን ሠዓሊ «ጋሽ» ብሎ፣ በአንቱታ ማነጋገር በሁሉም ዘንድ የሚታወቅ ነው። የሚዘነጋው ሌላው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ የዞረ ሸራ ሳያስፈቅዱ አይገለበጥም፤ ሠዓሊው ያዞረው ስላላለቀ ወይም ስላልወደደው ነው። «ይኼ ምንድን ነው?» ከማለት «ይኼን ከየት ጀመሩት?» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሠዓሊውን ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሁለተኛው ወሬ ይከፍታል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ ይጠየቃል፣ በተለይ ገና ለዐውደ ርእይ ያልቀረበ ሥራ ከሆነ። ቡና ከቀረበ መቀመጥ ነው። ቡና ሳይቀርብ አንድ ሰዓት ካለፈ ደግሞ መነሣት ነው።

ስለ ገንዘብ ማውራት ብዙ ሰው ያፍራል። ማፈር አያስፈልግም፤ ሠዓሊው የቤት ኪራይ ይከፍላል። ዋጋ መጠየቅ ነውር የለውም፣ እንደ መርካቶ ግማሹን መጥራት ግን አያምርም። ትልቁ ሸራ ከአቅም በላይ ከሆነ ንድፍ፣ ትንሽ ወረቀት ላይ የተሠራ ሥራ ወይም የእንጨት ቅርጽ ኅትመት መጠየቅ ይቻላል። በሁለትና በሦስት ጊዜ ለመክፈል መስማማትም የተለመደ ነው፣ ቴሌብር መጥቶ ይህን አቅልሎታል። ከጋለሪ ጋር ውል ያለው ሠዓሊ ግን ከስቱዲዮ በቀጥታ ላይሸጥ ይችላል፤ ያን ሲል ማባበል እሱን ከውሉ ጋር ማጣላት ነው። የገዛ ሰው ከሸራው ጀርባ የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስና ዓመተ ምሕረት መጻፉን ይመልከት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ግልጽ ነው። ሥዕሉን የገዛ ሰው ሸራውን እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛም። የሆቴል ባለቤት የገዛውን ሥዕል በካላንደር አሳትሞ ቢያድል ሠዓሊውን መጠየቅ ነበረበት።

ወደ ውጭ የሚወስድ ሰው ሸራውን ከእንጨቱ አስነቅሎ ጠቅልሎ ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቀለሙን ለመጠበቅ ብሎ የተሣለበትን ፊት ወደ ውስጥ ይጠቀልላል። ትክክሉ የተሣለበት ፊት ወደ ውጭ ሆኖ፣ ወፈር ባለ ቱቦ ላይ መጠቅለል ነው። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ይጨማደድና ይጨፈለቃል፣ ወደ ውጭ ሲሆን ግን ቢለጠጥም ሸራው ሲዘረጋ ይመለሳል። ያረጀ ወይም ያረጀ የሚመስል ሥዕል፣ በተለይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ከሆነ ደግሞ ኤርፖርት ላይ ከመጨቃጨቅ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ስለ መውጫ ፈቃድ መጠየቅ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሆነው ይህን ዝግጅት ለሚከታተሉ ወገኖች ደግሞ ነገሩ እዚያም ቅርብ ነው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ከተማ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ቶርፒዶ ፋብሪካ የሚባል ሕንፃ አለ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግንባታውን የጀመረው አንደኛው የዓለም ጦርነት በቆመ ማግስት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1918 ነው። በሁለተኛው ጦርነት ቶርፒዶ ተሠራበት፣ ኋላም መጋዘን ሆኖ ቆየና በ1974 ለሠዓሊያን ተሰጠ። ዛሬ ሠዓሊያኑ በመስታወት በተከለሉ ክፍሎች ውስጥ ይሠራሉ፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ የገባ ሰው ከደጃፍ ደጃፍ እየሄደ ያያል፣ ይጠይቃል። ከኪንግ ስትሪት የሜትሮ ጣቢያ እስከ ወንዙ ዳር ያለ ክፍያ የሚያደርስ ትሮሊ አለ። ዲሲ ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ደግሞ እስክንድር ቦጎሲያን ከከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው ኔክሰስ የተባለ የአሉሚኒየም ቅርጽ ይገኛል። እስክንድር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ እዚያው ዲሲ በ2003 ያረፈ ሠዓሊ ነው። ለፓስፖርት ጉዳይ ተሰልፎ ቀና ብሎ ያላየው ሰው ስንት ይሆን?

አዲስ አበባ የቶርፒዶ ፋብሪካን የሚያህል ሕንፃ አሁኑኑ አይኖራት ይሆናል። የሚያስፈልገው ግን ሕንፃ ብቻ አይደለም፣ ቀን ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ አምስት ስድስት ሠዓሊያን ተነጋግረው በዓመት ሁለት ቅዳሜ በራቸውን በአንድ ጊዜ ቢከፍቱ ጎብኚው አንድ ታክሲ ተሳፍሮ ሁሉንም በእግሩ ያዳርሳል፣ እነሱም የቀረውን ጊዜ ሳይረበሹ ይሠራሉ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ ፈቃደኛ የሆነ አከራይና አንድ ወረቀት ላይ የተሣለ የሰፈር ካርታ ይበቃል። ቀኑን የቆረጡ ሠዓሊያን ለሬዲዮ ጣቢያዎች ይንገሩ፤ እኛ ዘንድ ይህ ማስታወቂያ ሳይሆን ዜና ነው።